በክር የለካሁት መንገድ

እናቴ መታመሟን የነገሩኝ ቅቤ የሚያመጡልኝ ሴትዮ ናቸው። የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ከነቀምቴ ወደ መንደራችን መኪና ቆሟል፤ በእግር ሁለት ቀን ነው። እኔ ደግሞ ያንን አገር የማውቀው በመኪና መስኮት ብቻ ነው።

«ነገ ረቡዕ በጠዋት እመለሳለሁ፤ አብረን እንውጣ» አሉኝ።

«አዮ» አልኳቸው፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፤ «መንገዱ በየት በኩል ነው?»

«በእግር በኩል ነዋ!» ብለው ሳቁ።

«ወንዙስ?»

«ወንዝ ይሻገሩታል እንጂ ያነቡታል እንዴ?»

ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ ያላየሁትን ማመን ይከብደኛል። ካርታ አይቼ እከተልዎታለሁ አልኳቸው።

የትምህርት ቤቱ አትላስ ወለጋን በአውራ ጣቴ ልክ ነው የሣላት። ከቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት የተዋስኩት የእግር ተጓዦች መመሪያ ስለ ጫማ፣ ስለ ካልሲ፣ ስለ ውኃ መያዣ ብዙ ይላል፤ መንገዶቹ ግን ሁሉም የሰሜን ተራሮች ናቸው። ቢሆንም ካልሲ ገዛሁ፤ ሁለት ጥንድ ይላላ። ሐሙስ አንድ የማውቀው የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ሰፊ ካርታ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። በዚህኛው ወንዙ አንድ ነው፤ በአትላሱ ሁለት። የትኛውን ልመን? ክር አምጥቼ የመንገዱን ጥምዝምዝ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። አልገጥም አለኝ። ዓርብም ለካሁ፤ ቅዳሜም። ክሩ በላብ ረጠበ፤ «እማ፣ ትንሽ ቆይልኝ» እያልኩ ለካሁ።

እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናቸው፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርቆባቸዋል። ሄደው፣ ደርሰው፣ ተመልሰዋል። ይግቡ ብላቸው አልገቡም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዓርብ ቀበርናት።»

ክሩ እጄ ላይ ነበር።

«ሐሙስ ስደርስ ነፍስ ነበራት። የት ቀረች አለችኝ። መንገዱን ከመጽሐፍ እያየች ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ደስ አላት። ‹ልጄ ስታነብ አትረብሿት› አለች።»

ከኋላዬ ካርታው ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ነው። የእናቴ መንደር እዚያ ላይ የለም። ይህን ከሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር።