የማይታጠበው ገንዳ

ሻሺቱ አልሞተችም። አስቀድሜ የምናገረው ስለ እሷ ሳወራ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ስለሚለኝ ነው።

ባሏ ሲሞት ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ የወረደችው የባሏን ወንድም፣ የዋርሳዋን ዱላ ሸሽታ ነው። በ2005 ዓ.ም. አባያ ዳር ቆሮሶ ዓሣ የምታረባበት አንድ የሲሚንቶ ገንዳ ተሰጣት። ገንዳውን ከተነጠቀች መግቢያዋ ያው የዋርሳዋ ቤት ነበር።

እኔ ገንዳውን የሰጣት መሥሪያ ቤት የዓሣ ባለሙያ ሽመክት ነኝ። ዓሦቿ እየቆሰሉ አስቸገሯት፤ በሽታው የሚራባው የገንዳውን ግድግዳ በሸፈነው ልጋግ ውስጥ ነው። ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት አመጣሁላት። ባክቴሪያ ብላት ምን ይገባታል ብዬ ናቅኋትና፣ “እትዬ ሻሺቱ፣ እርሾ በይው” አልኳት። “ግድግዳው ላይ ይይዝና መጥፎውን ቦታ ያሳጣዋል። እንዳታጥቢው።”

ሳቀችብኝ። “የእርሾ ዕቃ ማን ያጥባል?”

እኔ በአራት ዓመት የተማርኩትን በአንድ ቃል ጨረሰችው። በሁለት ወር ቁስሉ ጠፋ፤ ሲቀላ ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶች ዓሣዋን በስሟ ይጠይቁ ጀመር።

ከዚያ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። አለቃዬ ሸዋንዳኝ በዋዜማው መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ ነካና ተጸየፈ። “ይኼን ቆሻሻ ነው የምናሳየው? በረኪና አምጡ!”

“ጌታዬ፣ እርሾ ነው፤ አይታጠብም” አለችው።

“ጠላ ልትጠምቂበት ነው?” ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ውሃውን ለማፍሰስ ጊዜ የለም፣ ከነዓሣው ይፈተግ ተባለ። ሻሺቱ ወደ እኔ ዞረች። የደረጃ ዕድገት የምጠብቅበት ሰሞን ነበር። አፌ ተለጎመ ብል ፈሪነቴን ማቆላመጥ ይሆንብኛል፤ አፌማ ተከፍቶ “እጠቢው” አለ።

እያለቀሰች ፈተገች። ጠዋት እንግዶቹ ሲደርሱ ዓሦቹ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ነበር። ሸዋንዳኝ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ “ይኸውላችሁ፣ የግንዛቤ ችግር!” አለ። ለአፉ ለከት የለውም።

አንዲት እንግዳ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ “በረኪና እንደማይገባ አልነገርካትም?” አለችኝ።

“እንዳታጥበው ነግሬያታለሁ።”

ውሸት አይደለም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሻሺቱን ጠየቀቻት። ያንን “እጠቢው” ታወጣብኛለች ብዬ ፈራሁ።

“አዎ፣ ነግሮኛል” አለች ሻሺቱ። “እሱን አትቆጡት፤ ጥሩ ልጅ ነው።” ኋላ እንድማልድላት ነበር፣ ምስኪን።

በሳምንቱ ገንዳው ለሸዋንዳኝ አማች ተሰጠ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋርሳዋ ሊወስዳት ሲወርድ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ዕቃዋን አውቶቡሱ ላይ ጫንኩላት፤ እሷም መረቀችኝ።