የሴልሶ ከረጢት

ወንድሜ ሴልሶ ዕድሜውን ሙሉ የኋሊት ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። ስድብ አይደለም፤ ሥራው ነው። ኮኪና የምንላትን፣ ጥፍር የምታክል ባለዛጎል የባሕር ፍጥረት የሚለቅሙ የመንደራችን ወንዶች፣ መረብ ያለውን የብረት መቧጠጫ ከወገባቸው አስረው፣ ጭናቸው ድረስ ውኃ ገብተው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ይጎትቱታል። የሞላውን ከረጢት ቤት ያደርሳሉ። አጥቦ መለየት የሚስት ሥራ ነው፤ ወንድ እጁን እዚያ ውስጥ ካስገባ መጠጥ ቤት ያሉት ሁሉ ይስቁበታል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ወንድ መሆን አለበት።

ሰባ ሊሞላው ሲል የዓይኑ መሐል ጠፋ። ዳር ዳሩን ያያል፤ የሚያየው ሰው ግን ፊት የለውም። “ኤንካርና፣ ፊትሽን የት ጣልሽው?” ይላታል ሚስቱን። “አርጅቶብኝ ደበቅሁት” ትለዋለች። ይስቃሉ። ከዚያ እኔ ቤት መጥታ ታለቅሳለች። ሐኪም ቤት በየወሩ ዓይን ውስጥ የሚወጋ መርፌ አዘዙለት፤ ጥቂት ተወጋና “ከእንግዲህ ሬሳዬን ውሰዱ” ብሎ ቀረ። ባሕሩን እንደሆነ በእግሩ ያውቀዋል።

በዚያው ክረምት ማዕበሉ ዳርቻችንን በላው። ወደ ባሕሩ የሚያወርዱት ደረጃዎች አየር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አሸዋ ይምጣልን ብለን የጮህነው እኛው ነን። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው “መርከብ ከባሕር ወለል አሸዋ መጥጦ ይደፋላችኋል” ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሴልሶም አጨበጨበ። መርከቡ መጣ፤ ቧንቧው እያገሳ ግራጫ አሸዋ ተፋ። ዳርቻው ሰፋ፣ አማረ። ከሥሩ ያለው ሁሉ ግን ከነነፍሱ ተቀበረ። ኮኪናዎቹ ታፍነው አለቁ። ከማዕበሉ ጫፍ እየተሯሯጡ የሚለቅሙት ትንንሽ ወፎች ትንሽ ተንከራተቱና ሄዱ። ያጠኑት ሰዎች ኮኪናው ቀስ በቀስ ይመለሳል ይላሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ይኸኛው በታጠበ ቁጥር ሌላ እደፋለሁ ይላል። ለቃሚዎቹ መቧጠጫቸውን ሰቅለው እንጆሪ እርሻ ገቡ።

ሴልሶ ግን አላቆመም። መርከቡ ከአሸዋው ጋር ያመጣው የሞተ ዛጎል መዓት ነበር፤ መረቡ ይሞላል፣ ይከብዳል። ብርድ የበላቸው ጣቶቹ ነገሩን አልለዩትም። ከረጢቱን ለኤንካርና ሲሰጣት “አላልኩሽም? እኔ እያለሁ አያልቅም!” አላት። ባዶ ዛጎል ይዛ ምን ትበለው? ጓሮ ደፋችውና ከጎረቤት ከተማ ገበያ፣ ከሌላ ዳርቻ የመጣ ኮኪና ገዝታ በነጭ ሽንኩርት ሠራችለት።

“ወፍረዋል” አለ ጣቱን እየላሰ። “አዲሱ አሸዋ ተስማምቷቸዋል።”

ያኔ መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። ውሸቷ በየቀኑ ሳህን ላይ ይቀርብ ጀመር። መጠጥ ቤት ያሉትም “ጀግናው መጣ!” እያሉ ጀርባውን ይመቱታል፤ አዝነውለት እንጂ ሊቀልዱበት አልነበረም።

ከዚያ ልጃቸው ኤስትሬያ አዲስ መድኃኒት መምጣቱን ሰማች። እሱም መርፌ ነው፤ ግን አንዴ ከተወጉት ለወራት ይቆያል።

“አባባ፣ በየወሩ አይደለም እኮ! ባሕሩን ታየዋለህ” አለችው። ባሕሩን ስትለው እሺ አለ።

ኤንካርና እኔ ቤት መጣች።

“ሊድን ነው” አለችኝ፤ ፊቷ ግን የለቅሶ ቤት ፊት ነበር።

“ታዲያ እልል አትይም?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ጓሮዬን አላየሽም? ዛጎሉ መስኮቱ ጋ ደርሷል! ዓይኑ ሲመለስ ምን ልለው ነው?”

“ዛሬውኑ ንገሪው።”

“የቀረችለት ደስታ እሷ ናት። በእጄ አልገድላትም።”

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኛ ደግሞ ሴልሶን አውቶቡስ አሳፍረን ሐኪም ቤት ወሰድነው።

መርፌው ሠራ። ሐኪሟ ለሁሉም እኩል አይሠራም ብላ ነበር፤ ለእሱ ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ኤንካርናን ትክ ብሎ አያት።

“አገኘሁት ፊትሽን” አላት። “እውነትሽን ነው፣ አርጅቷል።”

ጉንጯን ዳሰሳት። ከዚያ መቧጠጫውን አንሥቶ ወጣ። ልቤ አላስቀምጠኝ ስላለ ተከትዬው ወረድኩ።

ከውኃው ወጥቶ መረቡን አሸዋው ላይ ደፋና እጁን አስገባ። አንዷን አንሥቶ ከፈታት፤ ባዶ። ሌላ አነሣ፤ ባዶ። ቀና ብሎ ዳርቻውን እስከ መጨረሻው አየ። አንድ ወፍ አልነበረም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለኝ።

“አሸዋው ከመጣ።”

“የበላሁትስ?”

“የገበያ ነው” አልኩት። ወንድሜ እንደዚያ ቀን አንሶ አይቼው አላውቅም።

“አጨብጭቤ ነበር እኮ” አለ።

ቤት ሲደርስ ኤንካርና በሩ ላይ ቆማለች። ባዶ ከረጢቱን ሰጣት። እሷም ለምን ባዶ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

የቀጣዩ መርፌ ቀን ኤስትሬያ መኪና ይዛ መጣች። ከአልጋው አልወረደም።

“አባባ፣ ከቀረህ ይጠፋል! ሐኪሟ ነግራሃለች!”

“ይጥፋ።”

“እማማንስ ማየት አትፈልግም?”

“እናትሽን አይቻታለሁ፤ ያየሁትን ይዣለሁ። ሌላውን ነው የማልፈልገው።”

ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ አልቅሳ ሄደች። ኤንካርና ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

የዓይኑ ጭጋግ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሴልሶም መቧጠጫውን እንደገና ወገቡ ላይ አሰረ። አሁንም የኋሊት ይሄዳል፤ አሁንም የሞተ ዛጎል ሞልቶ ይመጣል።

“ዛሬ ብዙ ነው” ይላታል።

“ይከብዳል” ትለዋለች፣ ወደ ጓሮ እየወሰደችው።

ከዚያ አብረው ተቀምጠው የገበያውን ኮኪና ይበላሉ። እሱ እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ እሷ እንደምታውቅም ያውቃል። “ወፍረዋል” ግን ከዚያ ወዲህ ብሎ አያውቅም።