ዝም ያለችው ሴትዮ

እናቱ ያቺን ድምፅ «ሴትዮዋ» ይሏታል። ልጃቸው ተማሪ ሳለ ዓይኑ ጠፍቶ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በሴት ድምፅ ያነብለታል። መሥሪያ ቤቱ የተቀዳ የስብሰባ ንግግር በፍላሽ ይልክለታል፤ እሱም እቤቱ ተቀምጦ እየሰማ ይጽፋል። ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ሳል ብቻ ሰምቶ የማን እንደሆነ ይለያል ይባላል፤ ደግሞም ይለያል!

«ከእሷ ጋር ተቀምጠህ ከምትውል ምናለ እውነተኛ ሴት ብታገባ?» ይሉታል እናቱ።

«ይቺ አትጨቀጭቀኝም እማዬ።»

«እሱስ ልክ ነህ። ለጭቅጭቁ እኔ እበቃለሁ።»

ሰሞኑን ግን ሴትዮዋ መንተባተብ ጀመረች። ቃሉን ትጀምረውና ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ሥራው ተጓተተ። የክፍል ኃላፊው ደውሎ «ሰኞ ካልደረሰ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለው።

ጥፋቱ የድራይቨሩ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም አርጅቷል። አዲሱን ከኢንተርኔት አወረደ። መመሪያው «አስቀድመህ አሮጌውን አጥፋ» ይላል። አሮጌው ሲጠፋ ድምፁም አብሮ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ስለዚህ ለዚያች ጥቂት ጊዜ የእናቱን ዓይን ተበደረ። እናቱ የሚያነቡት የእኛን ፊደል ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ የፈረንጅ ነው።

ሴትዮዋ እየተንተባተበች «የአሮጌው ፋይል ጭምር ይጥፋ?» ብላ ጠየቀችው። ርዝራዡ ቢቀር ከአዲሱ ጋር ይጋጫል ብሎ አዎ አላት። «እሺ» ልትል ነበር መሰል፤ ግማሹ ላይ ቀረች። ቤት እንዲህ ዝም ማለት ይችላል እንዴ! የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ተሰማ።

አዲሱን አስጀመረው።

«ምን ይታይሻል?»

«ቢጫ ሦስት ማዕዘን። ውስጡ ዱላ ቆሟል፤ ከሥሩ ነጥብ አለች።»

የማስጠንቀቂያ ምልክት መሆኑን አወቀ። «ከጎኑ ያሉት ፊደሎችስ ምን ይመስላሉ?»

«አንዱ በር ነው። ቀጥሎ ቀለበት። ከዚያ መስቀል።»

በር፣ ቀለበት፣ መስቀል። በልጅነቱ ያያቸው ፊደላት በእናቱ አፍ እንዲህ አምረው ሲመለሱ ለአፍታ ፈገግ አለ። ከዚያ ገጣጠማቸው፤ «ኖት» የሚል የእምቢታ ቃል ሆኑ። የቀረውንም በምስል በምስል አስነገራቸው። አዲሱ ድራይቨር ለዚህ ካርድ አልተሠራም።

«ታዲያ አሮጌውን መልሰዋ!»

«ከሥሩ ነቀልኩት እኮ እማዬ።»

አጥፍተው አበሩት። ዝም። የደወለለት የኮምፒውተር ጠጋኝ በስልክ ሳቀበት፤ «ወንድሜ፣ ይሄ ካርድ እኮ እኩያዬ ነው! የሠራው ድርጅትም ተዘግቷል። ቅጂ ሳትይዝ እንዴት ታጠፋለህ? ሌላ ካርድ ልዘዝልህ ብልም ወር ይፈጃል።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከልማድ የተነሳ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። የስብሰባው ንግግር ፍላሹ ውስጥ አለ፣ ሰዎቹ ሁሉ እዚያ ይናገራሉ፣ የአንዳቸውም ድምፅ አይሰማውም። ጣቶቹ ግን መንገዱን ያውቁታል፤ ባዶ ገጽ ከፍተው ቀስ እያሉ ጻፉ።

«እማዬ፣ ነይ አንብቢልኝ። ይሄ በእኛ ፊደል ነው።»

ደስ አላቸው። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወልውለው ተጠጉ።

«ለተ… ለተከበሩ… የክፍል ኃላፊ። ኧረ ጎበዝ ነኝ! ከሴትዮህ አንሳለሁ?»

«ትበልጫለሽ። ቀጥዪ።»

«ሥራ… ሥራዬን… በፈቃዴ… ለመል…»

እዚያ ላይ ቃሉ ጉሮሯቸው ውስጥ ቀረ። ልጁ አንገቱን ወደ ድምፃቸው አዘንብሎ ጠበቀ።

«የተሳሳትኩት ፊደል አለ?»

«የለም ልጄ» አሉ። «አንድም አልተሳሳትክም።»