ባለሜዳ ሆነን ደሴ ሄድን

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ወልድያ

የስታዲየማችን ሣር ለእድሳት ከተነሣ ወዲህ ክለባችን የሜዳውን ጨዋታ የሚያደርገው ደሴ ነው። ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ካሸነፍን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን፣ ካላሸነፍን እንወርዳለን። ስለዚህ ጋራዤን ቆልፌ፣ ዘይት የጠጣ ቱታዬን አውልቄ፣ የክለቡን ማሊያ ለብሼ መነኻሪያው በር ላይ ተገኘሁ። በሃያ ዓመት የመካኒክነት ዘመኔ ቅዳሜን ዘግቼ አላውቅም። ባለቤቴ "ኳሱ ነው ወይስ ደሴ የናፈቀህ?" ብላ አሾፈችብኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ነበሩ።

የተሳፈርንባት ቅጥቅጥ የሰይድ ናት። ሰይድ ሾፌርም ደጋፊም ነው። መኪናዋን የምጠግናት እኔ ስለሆንኩ ማርሹ ባንቋረረ ቁጥር ዞሮ ያየኛል። እኔም "ዕቃው ነው፣ ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ውዳቂ ነው" እለዋለሁ። እሱ "ቢስሚላህ" ሲል ከኋላ የተቀመጡት እናቶች አማተቡ፣ ከበሮው ተመታ፣ ወጣን።

ከበሮ መቺው ሲደክመው ወሬው ወደ አምበላችን ወደ ዮናስ ዞረ። ዮናስ ዘንድሮ ደሴ ላይ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። ሁለቱም ኳሶች አግዳሚውን ገጭተው ወደ ሰማይ ነው የሄዱት። የሚያበሽቀው ደግሞ ልምምድ ላይ አንድም አለመሳቱ ነው። "እግሩ ደህና ነው፤ የከዳን ልቡ ነው!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። መኪናው ውስጥ ዮናስን ከእኔ በላይ የሰደበ አልነበረም፤ ይህን አልደብቅም።

1 ሰዓት ከሩብ፣ መርሳ

መርሳ ስንደርስ ሙቀቱ ጀመረ፤ ጃኬት ወለቀ፣ መስኮት ተከፈተ። ደህና ፓፓያ በሃምሳ ብር ገዛሁ። ሻጯ ማሊያዬን እያየች "ስታሸንፉ ብሉት" ብላ አንድ ብርቱካን መረቀችልኝ።

እዚህ የቆምነው ጋሽ ሞላን ለመጫን ነው። ጋሽ ሞላ የክለቡ ሜዳ ጠባቂ ናቸው። ስታዲየሙ ከተዘጋ ጀምሮ ቡድኑ የሚለማመደው መርሳ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ መስመሩን የሚያሰምሩት እሳቸው ናቸው። ክረምት ሲገባ ጡረታ ይወጣሉ። ግማሽ ጆንያ ኖራና አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ ይዘው ሲወጡ መኪናው በሳቅ ተሞላ።

"ጋሽ ሞላ፣ ደሴ ኖራ የጠፋ መሰለዎት?" አልኳቸው።

"የሜዳችን ጨዋታ ነው አይደል የምትሉት? ባለሜዳ ሜዳውን ራሱ ያሰምራል" አሉና ጆንያውን እግሬ ላይ አሳረፉት።

ገመዱን ጭናቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። በየልኩ ቋጠሮ አለው፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቋጠሮ የ"ሪጎሬ" ነው። ፍጹም ቅጣት ምትን እሳቸው ዛሬም በድሮው ስሙ ነው የሚጠሩት። ከዓመታት በፊት አንዴ በሜትር ለክተው ቋጥረውታል፤ ከዚያ ወዲህ ሜትር ነክተው አያውቁም። ገመዱን ኖራ በተበጠበጠበት ባልዲ ይነክሩታል፣ መሬት ላይ ይወጥሩታል፣ መስመሩ ታትሞ ይቀራል። ሲጨርሱ አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

"ሰው ይሳሳታል፤ እሷ አትሳሳትም" አሉ ገመዷን መታ መታ እያደረጉ።

2 ሰዓት፣ ውርጌሳ

ፍርፍርና ሻይ ለቁርስ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ማሊያችንን አይታ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። ሰይድ "ደሴ፣ የሜዳችንን ጨዋታ ልንጫወት" አላት።

"እናንተዬ! የሜዳችሁን ደሴ ምን ወሰደው?"

ሰይድ የሣሩን እድሳት እስኪያስረዳ ፍርፍሩ ቀዘቀዘ። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ "አብሽሩ፣ ደሴም ወሎ ነው" ብላ ሻዩን በነፃ አደረገችልን።

ከዚያ ወደ ውጫሌ የሚወስደው ዳገት ነው። መኪናዋ አቃሰተች፤ ሰይድ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ገደሉን አየሁ። ሐይቅ ጋ ስንደርስ ውኃው ከርቀት ብልጭ አለ፣ እናቶች "እሰይ!" አሉ። ደሴ ስንገባ ያወለቅነውን ጃኬት ሁሉ መልሰን ለበስን።

5 ሰዓት፣ ደሴ

የስታዲየሙ በር ላይ ዘበኛው "እንግዶች በዚያኛው በር!" አለን።

"ባለሜዳ ነን" አልነው።

"ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከወልድያ።"

"ባለሜዳ ከመቼ ወዲህ ነው በመኪና የሚመጣው?" ብሎ እየሳቀ አስገባን።

ጋሽ ሞላን ተከትዬ ጆንያውን ተሸክሜ ሜዳው ዳር ደረስኩ። መስመሩ ተሰምሮ አልቋል። የደሴው ሜዳ ጠባቂ አቶ እንድሪስ ባልዲያቸውን እያጠቡ ነበር። በዕድሜ እኩያሞች ናቸው። ጋሽ ሞላ ቅር አላቸው፤ ግን ሰላምታቸውን በወጉ ሰጥተው ገመዱን ከግቡ መስመር ጀምረው ዘረጉ። ቀዩ ጨርቅ ከነጩ ነጥብ ሳይደርስ ቀረ፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ጎደለ።

"አቶ እንድሪስ፣ ሪጎሬዎ ርቋል" አሉ፣ ድል እንዳደረገ ሰው።

"አልራቀም። ወላሂ ጠዋት ነው የለካሁት።"

"በምን ለኩት?"

አቶ እንድሪስ ከኪሳቸው የብረት ሜትር አወጡ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ነጩ ነጥብ ልክ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ነው። ቀዩ ጨርቅ አሥር ከሰባ ላይ ነው። ጋሽ ሞላ "ድገመው" አሉኝ፤ ደገምኩት። ያው ነው።

ገመዷ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስትነከርና ስትደርቅ አጥራለች። ልጆቹ መርሳ ላይ በየቀኑ የሚመቱት ከአጭር ነጥብ ነው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጋሽ ሞላ ግን ወዲያው ገብቷቸው ኖሮ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማን አየ? ይጠቅልሏትና ጆንያ ውስጥ እንክተታት" አልኳቸው በሹክሹክታ። አቶ እንድሪስም ሜትሩን ኪሳቸው ከትተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ።

በዚህ መሃል ተጫዋቾቻችን ሜዳውን ለማየት በቱታ ብቅ አሉ። ጋሽ ሞላ ቆባቸውን አውልቀው በቀጥታ ሄዱባቸው።

"ልጆቼ፣ መርሳ ላይ ያሰመርኩላችሁ ሪጎሬ አጭር ነው። ዛሬ ለካሁት። ዮናስ፣ አንተ ሁለቱን የሳትከው በእኔ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አንድም ሰው አልጠየቃቸውም ነበር። ዮናስ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

"የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሞላ። ገመድ ኳስ አይመታም" አላቸው። ከዚያ ኳስ አስመጥቶ ከነጩ ነጥብ ላይ ይመታ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከአግዳሚው በላይ አለፉ። አራተኛውን መሬት ለመሬት ላከው፣ ገባ።

9 ሰዓት፣ ጨዋታው

ስለ ጨዋታው ብዙ የምጽፈው የለም፤ አስቀያሚ ነበር። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዜሮ ለዜሮ ነበርን። ያኔ አጥቂያችን ሳጥን ውስጥ ተጠለፈና ዳኛው ወደ ነጩ ነጥብ ጠቆመ።

ጋሽ ሞላ ከአቶ እንድሪስ ጋር ከግቡ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ዮናስ ኳሷን ሲያስቀምጥ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ፤ ማየት አልቻሉም። አቶ እንድሪስ ትከሻቸውን ያዙላቸው። ዮናስ መታ፤ መሬት ለመሬት ነበረች፤ በረኛው በጣቱ ነካት፣ ግን ገባች። ጩኸታችንን ሰምተውም አላመኑም፤ የአቶ እንድሪስን አፍ አፍ ያዩ ነበር።

"ገባ! አንተ ሰውዬ፣ ገባ!" አሏቸው አቶ እንድሪስ። አንቱታው ቀረ፤ ተቃቀፉ። እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ማታ፣ መመለስ

አንድ ለዜሮ አሸንፈን፣ ሊጉ ውስጥ ቀርተን ተመለስን። ለዮናስ አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ቀድመው ሄደዋል። ጋሽ ሞላ መርሳ ሲወርዱ መኪናው ሙሉ ቆሞ አጨበጨበላቸው። እሳቸው አፍረው "ሂዱ እስቲ፣ መሽቷል" አሉን።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረኝ? ሰኞ ጠዋት አንድ የባጃጅ ሾፌር ባለፈው ሳምንት የሠራሁለት ፍሬን እንደገና ይጮኻል ብሎ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ጎማውን ፈትቼ አየሁት። አፌ በልማዱ "ዕቃው ነው" ሊል ተከፈተ።

"የፍሬኑን ሸራ አጣምሜ የገጠምኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። እጁን ከወገቡ አውርዶ ጠጋ አለና ፊቴን አየኝ።

"አሞሃል እንዴ?" አለኝ።