ለሄራሞ የተለቀሰበት ፊልም

ባለፈው እሑድ ከጸሎት መልስ ከልጅ ልጄ ከቤተል ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እንበላ ነበር። የሆሳዕና ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰውን ከሰው አያደማምጥም። ቴሌቪዥኑ ስለ ድሮ ባህል ያወራል፤ እኔም ግማሽ ጆሮዬን ሰጥቼው ወሬዬን እቀጥላለሁ። ድንገት አንድ የደበዘዘ ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ክብ ሠርተው ያለቅሳሉ። መሐላቸው ጋቢ የተከናነበ ሬሳ ተጋድሟል። ከኋላቸው ግንዱ ከመሐል ሁለት የተከፈለ ትልቅ ዋንዛ ቆሟል።

"ቤተል! ዛፉን አየሽው?"

"የቱን ዛፍ፣ አያቴ?"

በቆሎዬ ከእጄ ወድቆ ጉልበቴ ላይ ቀረ። ያን ዋንዛ በጨለማም ዳብሼ አውቀዋለሁ። የልጅነቴን ጉልበት የላጠው እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ እኔ የቤተል ዕድሜ ላይ ሳለሁ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እናቴን በቅቤ ንግዷ እረዳት ነበር። ትምህርት ቤቱ ቢቀርብኝም ንባቡ አልቀረብኝም፤ ለዚህም የማመሰግነው ጋሽ ከድርን ነው። ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ገበያው ዳር ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ስኳርና ጨው የሚጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበርና እኔ ቤት እስክደርስ መጠቅለያውን አዟዙሬ አንብቤ እጨርሰዋለሁ። "አንቺ ልጅ፣ ስኳሩን ለእናትሽ፣ ወሬውን ለራስሽ ነው የምትገዢው" ይለኝ ነበር። አማርኛዬ ከእኩዮቼ ተሻል ያለው በዚህ ነው። ስኳር ያስተማረው አማርኛ!

አንድ በጋ፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ፊልም አንሺዎች መጡ። በባላባቱ ዘመን ገበሬው እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ፊልም ሊሠሩ ነው ተባለ። አዘጋጃቸው ጓድ ሰለሞን የሚባል፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነበር፤ ለማዘዝ የሚያፍር የሚመስል ጨዋ። ብስኩት ሊገዙ ጋሽ ከድር ሱቅ ገብተው አስተርጓሚ ቢጠይቁት ወደ እኔ ጠቆመ። ራሱም ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ላንድሮቨራቸው ላይ ተሰቀለ። "ፊልም ሳልገባማ አልሞትም" አለ።

የመረጡት ቦታ ሆመቾ አጠገብ ያለው የአያቴ የአማ ኤርጎጌ ግቢ ነው። የዚያን ዘመን የሆመቾን መንገድ ያልሄደበት አያውቀውም፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ አቧራው ከሰው ፊት ላይ ቅንድብ ያጠፋል። ስንደርስ ሁላችንም ዱቄት ቤት ያደርን እንመስል ነበር። ጓድ ሰለሞን ሳር ቤቱን፣ ከጀርባው ጥቅጥቅ ያለውን እንሰትና ደጁ ላይ የቆመውን ዋንዛ አይቶ ደስ አለው።

"ልክ የድሮ ዘመን ይመስላል" አለ።

ይህን በሀዲይኛ ስተረጉምላት አያቴ ዞር ብላ ቤቷን አየችው።

"ምን የድሮ ነው? ያስከደንኩት አምና ነው።"

እንግዳ ነውና መጀመሪያ አበላቻቸው። አታካና ነበር የሠራችው፤ ቡላው በቅቤ ርሶ፣ ትኩስ ትኩሱን። ካሜራ የያዘው ልጅ ጣቱን እየላሰ፣ "ጓድ ሰለሞን፣ እንዲህ ጠግበን ጭቆናን እንዴት አድርገን ነው የምናነሳው?" ሲል ሁላቸውም ሳቁ።

ሥራው ተጀመረ። አንድ ጭሰኛ በባላባቱ ሰዎች ተደብድቦ ሞቷል፤ የሰፈሩ ሴቶች ከበው ያለቅሱለታል። የሚነሳው ይህ ነው። ችግሩ ግን ሬሳ የሚሆን ሰው መጥፋቱ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ከወንዶቹ አንድም "እሺ፣ እሞታለሁ" የሚል አልተገኘም። በደህና ቀን ማን ሟርት ይገዛል? በመጨረሻ ጋሽ ከድር ኮቱን አወለቀና፣ "ፊልም መግቢያው በር ይኼ ከሆነ ልሙትላችሁ" ብሎ ዋንዛው ሥር ተዘረጋ።

"እናቶች! ለቅሶው ይጀመር!" አለ ሊቀመንበሩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የጋሽ ከድር ሆድ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ከኋላ የቆመች አንዲት አዲስ ሙሽራ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትንሽ ታገለችና ፈነዳች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! ሳቁ ግቢውን ሞላው።

"ሬሳው እኮ ይተነፍሳል!"

"በአታካና የሞተ ነው፤ ሆዱን እዩት!"

ጓድ ሰለሞን ራሱ ፈገግ አለ። ሳቁ ሲበርድ ግን ለቅሶው አልመጣም። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያጉረመርሙ ጀመር። "ምን እያሉ ነው?" አለኝ ጓድ ሰለሞን።

"'የሞተ የለም' ነው የሚሉት።"

"እኔም የሞተ አለ አላልኩም። ትርኢት ነው በያቸው።"

አልኳቸው። የመለሰችልኝ አያቴ ናት። "በእንባ መዋሸትም መዋሸት ነው። ደግሞ በቁም ሰው ላይ ለቅሶ ከተለቀሰ፣ ሞት የተጠራ መስሎት ይመጣል። ይህ ሰው ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። ከየት አምጥተን እንመልስላቸዋለን?"

ጋሽ ከድር ሀዲይኛ ይሰማል። ከተኛበት አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "እኔ ፈቅጃለሁ፣ አማ!" አለ።

"አንተማ ምን ታውቃለህ፣ ሬሳ ነህ። ዝም በል።"

ፀሐይዋ ወደ ሀቢቾ መንደር በኩል ማዘንበል ጀመረች። ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆነ፤ የበላይ አካል ይጠይቀዋላ። ጓድ ሰለሞን ግን አልተቆጣም። መጥቶ አያቴ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ "እሺ እናቴ፣ አታልቅሱ። እንዲያው ይንገሩኝ፤ በዚያ ዘመን ባላባት የገደለው ሰው ሲለቀስለት አይተው ያውቃሉ?" አላት።

እኔም ይህን ተረጎምኩ። አያቴ ወደ ዋንዛው ዞረች።

"አላየሁም" አለች። "ባሌን ነው የገደሉት፤ ግን ሲለቀስለት አላየሁም።"

ስለ ወንድ አያቴ ስለ ሄራሞ የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር። አያቴ ስለ እሱ ስታወራ፣ "ሄራሞ የሄደ ጊዜ" ትላለች እንጂ "የሞተ ጊዜ" ብላ አታውቅም። ልጅ ሆኜ የሆነ አገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን የሰማሁት ያን ቀን፣ ለእንግዳ ሰው እየተረጎምኩ ነው። አፌ አማርኛውን ይናገራል፣ ጆሮዬ ገና ሀዲይኛውን ይሰማል።

ሄራሞ ባላባቱን ሊከስ ወደ ወረዳ ሄዶ እዚያው ታሰረ። እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ወሬው መንደር ሲደርስ የባላባቱ ሰዎች በየደጁ ዞሩ፤ "እሱ ቤት ለቅሶ የተቀመጠ ከመሬቱ ይነቀላል" አሉ። ማንም አልመጣም። አያቴ እናቴን እንዳዘለች እንሰት መሐል ገባች፤ ድምጿ እንዳይወጣ ነጠላዋን ጎርሳ አለቀሰች። እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ የብቻ ነገር አይደለም። ሰው ካልተሰበሰበለት፣ ሙሾ ካልተወረደለት፣ ያ ሰው መንገድ ላይ እንደቀረ ነው።

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከመሐላቸው አማ ወለቴ፣ የአያቴ እኩያና ጎረቤት፣ ወደ ፊት መጣች።

"ኤርጎጌ፣ ፈርተን ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ባሌ በሩን ዘግቶ ነው የያዘኝ።"

"አውቃለሁ፣ ወለቴ። አውቄ አይደለም እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ገበያ የሄድኩት?"

አማ ወለቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። "ዛሬ በር የዘጋብን የለም" አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አሰሩ። ሊቀመንበሩ ሁሉንም ሰምቷል፤ ቆቡን አውልቆ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ጋሽ ከድር ከመሬት ብድግ አለ። "ለእሱ ከሆነማ እኔ ቦታውን ልልቀቅ" ብሎ አቧራውን ማራገፍ ጀመረ። አያቴ ትከሻውን ይዛ አስተኛችው።

"ተኛ፣ ልጄ። እንግዳው የመጣበትን ሥራ ይሥራ። ፊትህን ግን በጋቢ ሸፍን፤ እኔ የማለቅሰው ላንተ አይደለም።" ከዚያ ቀና ብላ፣ ማዶ ለቆመ ሰው እንደምትናገር ጮክ አለች። "ሞት፣ ስማ! ከድር የሚባል ሰው አልሞተም። ይህ ለቅሶ የሄራሞ ነው። እንዳትሳሳት!"

ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? አያቴ ቀስ ብላ ነው የጀመረችው፤ ሴቶቹም ቀስ ብለው ነው የተቀበሏት። ቀጥሎ መሬቱ በእግራቸው ይመታ ጀመር። ወንዶቹ ያለ ማንም ትእዛዝ ከየእርሻው መጡ። ካሜራው ይንጫጫል። ጓድ ሰለሞን "በቃ፣ ቁረጥ!" ሲል ካሜራው ቆመ፤ ለቅሶው ግን ማን ቁረጥ ቢለው ይቆማል? ፀሐይዋ ጠለቀች፤ ባላባቱ ያለበት ክፍል ሳይነሳ ቀረ። ጓድ ሰለሞን መነጽሩን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር እንጨት ላይ ተቀመጠ።

ጋቢውን ሲገልጡለት የጋሽ ከድር ፊት በእንባ ታጥቦ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ካሜራው ያላየው እንባ የእሱ ብቻ ነው።

ፊልሙ ሆሳዕና የታየው በበልጉ ነው። በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የአዳራሹ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነው ያሳዩን። ከሆመቾም ከሀቢቾም ለገበያ የመጣ ሰው ቅቤውንና ዶሮውን ይዞ ገባ። አያቴን ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጥናት። ብዙ ነገር አለፈ፤ ትራክተር፣ ሰልፍ፣ ሰንደቅ ዓላማ። ከዚያ ዋንዛው መጣ።

ሴቶቹ አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፃቸው ግን የለም። በላዩ ላይ የሰልፍ ሙዚቃ ይጫወታል፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ስለ ጭቁኑ ገበሬ ይናገራል። አያቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ድምፃችንን ምን አደረጉት?"

እኔ ተናድጄ ወደ ፊልም ማሽኑ ዞርኩ። በዚህ መሐል ከኋላችን አንድ ሽማግሌ፣ "ይኼ የነሄራሞ ደጅ አይደለም?" አሉ። "ነው" አለ አንዱ። "ማን ሞቶ ነው?" አሉ ሽማግሌው። ሌላው፣ "ሄራሞ ነዋ። ለሄራሞ ነው የተለቀሰው" አለ። ወሬው ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሄደ። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። አጠገባቸው ያለውም ተነሣ። በአንድ አፍታ የአዳራሹ እኩሌታ ቆመ።

"ተቀመጡ! የኋላው አላየም!" ይላል ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው።

ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ባለሥልጣኖች ዞር ብለው አዩ። ሕዝቡ በአብዮታዊ ስሜት የተነሣ መስሏቸው እነሱም ተነሥተው አጨበጨቡ። አያቴ ሁሉንም አየች። የሚያጨበጭቡትንም፣ የቆሙትንም። ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ደፋች፤ ሐዘንተኛ ሰው ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እንደሚያደርገው።

በዚያ ሳምንት ሰው ወደ ሆመቾ ይጎርፍ ጀመር። በቅሎ ይዞ የመጣ አለ፣ በእግሩ የመጣ አለ። "በፊልም አይተን ነው" ይላሉ፤ "አልሰማንም ነበር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።" ገብተው ይቀመጣሉ፤ ቆጮ በጎመን ይቀርብላቸዋል፤ የሚዘምር ይዘምራል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አያቴ "ሄራሞ የሄደ ጊዜ" ስትል ሰምቻት አላውቅም። "የሞተ ጊዜ" ትል ነበር፤ ድምጿም አይሰበርም።

ጋሽ ከድር ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። "ከሞትኩ ወዲህ ንግዴ ቀንቷል" እያለ ሲያስቀን ኖሮ፣ እውነተኛው ቀኑ ሲደርስ የሆመቾ ሴቶች ጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ። የእሱ ወገኖች ግራ ገባቸው። እኛ ግን ግራ አልገባንም።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ያየነው ያን ፊልም ነው። አሁን ደግሞ የሰልፉ ሙዚቃ ወጥቶ ዋሽንት ገብቶበታል። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ "ጥንታዊ የለቅሶ ሥርዓት" እያለች ታብራራለች። ያኔ ባላባቱን ለመክሰስ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ለባህል ሆኗል። ነገ ለምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል። የሴቶቹ አፍ ግን ዛሬም ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ስነግራት በቆሎው ቀዘቀዘ። ቤተል ስልኳን አውጥታ ፕሮግራሙን እዚያ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ዋንዛው ላይ ስትደርስ አቆመችውና ጠጋ አለችኝ።

"አያቴ፣ ታዲያ ይኼ እውነተኛ ለቅሶ ነው ወይስ ትርኢት?"

"ድምፁን አጥፊው" አልኳት።

አጠፋችው። ዝናቡም አባርቶ ነበር። እንደገና አስጀመረችውና ፊልሙ ላይ አማ ኤርጎጌ አፏን ስትከፍት እኔም ከፈትኩ። ያን ቀን ያለችውን፣ ቃል በቃል፣ በራሷ ሀዲይኛ ደገምኩት፦ አንተ ሰው፣ በሬህ ቀንበሩን እየላሰ ጠበቀህ። የተከልከው እንሰት ከቤታችን በላይ ሆነ፣ ማን ይየው? በዚህ በኩል ሄድክ፣ በዚህ በኩል ና፤ ሰዉ ሁሉ ደጅህ ላይ ቆሟል።