በሁለት ጣት የሚያዝ የገና ዱላ

ጣልያን ሲወጣ መቱ ከተማ ውስጥ አርበኛ ያልተባለው ገላው ላይ ጠባሳ የሌለበት ሰው ብቻ ነበር። በቅሎ የረገጠችውም፣ ወንድሙ ጥርሱን ያወለቀለትም፣ ነፃነት በመጣ ማግስት ጠባሳውን ወደ ውጭ አድርጎ መሄድ ጀመረ። ባሌ ዲንቃ ግን፣ እውነቱን ልናገርለት፣ አንድም ቀን አርበኛ ነኝ ብሎ አያውቅም። አይደለሁምም አላለም። ጉዱ ሁሉ የመጣብን ከዚችው ዝምታ ነው።

ዲንቃ አናጢ ነበር። የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች የወሰደበት የጠላት ጥይት ሳይሆን የገዛ መጋዙ ነው፤ ያውም ለአንድ የጣልያን ካፒቴን አልጋ ሲሠራ። ካፒቴኑ ሰፊ አልጋ አማረው፣ ዲንቃም የዋንዛውን ጣውላ እየሰነጠቀ አላፊ አግዳሚውን ያስቃል፤ ወሬ ሲይዝ እጁ የት እንዳለ አያውቅም። መጋዙ አመለጠው። ነጠላዬን ቀድጄ ያሰርኩለት እኔ ወርቅውሃ ስለሆንኩ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ተረፉለት።

ነፃነት ሲመጣ ሰው እጁን አየና የራሱን ታሪክ ሠራለት። ጥይት ነው አይደል ሲሉት፣ ተዉት እስቲ ያለፈ ነገር ነው ይላል። ከአርበኛ አፍ የሚጠበቀው ደግሞ ይኸው ሆኖ ተገኘ። ለቅሶ ቤት ከሽማግሌዎች ጎን ያስቀምጡታል፣ ሰርግ ቤት የመጀመሪያው ሥጋ ለእሱ ይቆረጣል። እኔም ብሆን እዋሻለሁ? ሥጋው ሲመጣ አልጠላሁትም።

ክብሩ የመረረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ገና ሜዳ ላይ። የገናን ጨዋታ፣ የአገሩ ሰው ቂሌ የሚለውን፣ ከጦርነቱ በፊት እንደ ዲንቃ የሚጫወት አልነበረም። ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ኳስ፣ አንዴ ከመታት ወደ ሶር ወንዝ መውረጃ ድረስ ፈላጊ ይላክባት ነበር። በዚያ ጨዋታ ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለም። ዳኛውም ይግባ ቄሱም ይግባ፣ የቡና ጫኝ ዱላ ቅልጥሙን ቢያገኘው አቤት አይልም፣ ተነሥቶ ይሮጣል እንጂ። ከጣቶቹ በኋላ ግን ዲንቃ ሜዳው ዳር ከጋቢ ለባሾች ጋር ተቀመጠ። በሁለት ጣት ይዞ ቢመታ ዱላው ከሩሯ ቀድሞ ይበራል። አንድ ሁለቴ ልሞክር ብሎ ሲነሣ ጎረምሶቹ እየሮጡ መጥተው፣ ይረፉ ጋሼ፣ ብለው በክብር መለሱት። ገና አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ዱላ መፍጠር ጀመረ። የቄሱ በር፣ የጎረቤቴ የእታፈራሁ ሳጥን፣ የእኔ የዶሮ ቤት፣ ሁሉም ባለበት ቀረ። ቀጥ ያለ እንጨት ዓይኑ ይጠላ ጀመር። ጫካ ውሎ የተጣመመ የወይራ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ይገባል፤ እርጥቡን በረመጥ አሙቆ፣ ሞራ ቀብቶ፣ ጎንበስ አድርጎ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በጠፍር ይጠፍረዋል። እኔ በገዛ ቤቴ ምሰሶውን ዞሬ ነው ወደ ጓዳ የምገባው። አንድ ቀን ውሃ ተሸክሜ ስገባ ጠፍሩ ተበጥሶ የተወጠረው እንጨት ጎኔን ሲለኝ፣ ደሜ ፈላና ዕቃውን ሁሉ ወደ ውጭ ወረወርኩት። አቶ ዲንቃ ወጥቶ የመረመረው እንጨቱን ነው፤ ተርፏል አለኝ ደስ ብሎት።

የሚያስበው ነገር፣ እሱ እንዳስረዳኝ፣ እንዲህ ነው። የድሮው የገና ዱላ ጫፉ ክብ ነው፣ ሩሯም ክብ ናት፤ ክብና ክብ ሲነካኩ መበራረር እንጂ መቀማመጥ የላቸውም። መምታት ለሚችል ጥሩ ነው። መምታት ለማይችል ግን ሩሯን የሚያባርር ሳይሆን የሚይዝ ዱላ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቆልማማውን ሆድ በመላጊያ ጠፍጣፋ አደረገው። የመጀመሪያው እንደ ማጭድ ከመጠን በላይ ጎበጠና ሩሯ ገብታ አልወጣም አለች። ሁለተኛው ጫፉ ቀለለና ስትነካው ያነጥራታል። ቀጥሎ ከሥሩ ወፈር ያለ ወይራ አገኘ፣ ክብደቱን ወደ ታች ተወለት፣ ቁመቱን ደግሞ አሳጠረው፤ ረጅም ዱላ የሙሉ እጅ ሥራ ነው። መያዣውን በእርጥብ ጥሬ ቆዳ ጠቀለለና ሁለቱን ጣቶቹን እላዩ ላይ ተጭኖ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ቆዳው ሲደርቅ የጣቶቹን ቦታ ይዞ ደረቀ። ሙሉ ቀን ዝንብ እንኳ ያባረርኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ልምምድ መጣ። በጎደሬዬ መካከል ሩሯን እየነዳ ይዞራል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። ሰፈሩ ዱላውን የወርቅውሃ ማማሰያ ብሎ ስም አወጣለት። እኔም አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ የሰው ሥራ አስቀምጠህ፣ ቤትህን አፍርሰህ፣ ለመሆኑ ከዚያ ሜዳ ምን ቀረብህ አልኩት። ያሾፍብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

“ወርቄ፣ ይረፉ ሲሉኝ የሞትኩ ይመስለኛል” አለኝ። “አንድ ሰው መጥቶ ቅልጥሜን ቢለኝ ምን አለበት? ያን ጊዜ መኖሬን አውቃለሁ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጎደሬው አልተናገርኩም።

ገና ደረሰ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተሰለፉ፤ እኛ ታች ሰፈር ነን። የሜዳው ሽማግሌ ባላምባራስ ምንዳዬ ነበሩ። ባላምባራስ በጣልያን ጊዜ ጫካ ገብቼ ነበር ይላሉ፤ እርግጥ ነው ገብተዋል፣ ቡና ሊያስለቅሙ። ዲንቃ ያቺን አጭር ዱላውን ይዞ ብቅ ሲል ሳቅ ሆነ፣ ጎረምሶቹም እንደ ልማዳቸው ሊመልሱት መጡ። ባላምባራስ ግን ለአገር የደማ ሰው ከሜዳ አይከለከልም ብለው አስገቡት። ከላይ ሰፈር በኩል ነመራ ቆሟል፤ የቡና ኬሻ በአንድ ትከሻው የሚያነሣ ጫኝ ነው፣ ባለፈው ገና የጸሐፊ ሙሉብርሃንን እግር መትቶ እስከ ጥምቀት ያሳሰረው እሱ ነው።

ሩሯ እየከነፈች ወደ ዲንቃ መጣች። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ጠፍጣፋውን ሲያሳያት ጸጥ ብላ ተቀመጠችለት። ነዳት። አንዱ መጣ፣ አለፈው። ሌላው መጣ፣ አለፈው። ነመራ እንደ በሬ እየተነፈሰ መጣ፣ እሱንም አለፈውና መስመሩን ተሻገረ። እልል አልኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እታፈራሁን አቅፌ ነጠላዋን ጣልኩባት። ደግሞ ያዛት፣ ደግሞ ሁሉንም አልፎ አገባ። ማማሰያ ያሉት ሁሉ አፋቸውን ያዙ።

በሦስተኛው ላይ ግን እልልታዬን አቋረጥኩ። ነመራን አየሁት። ዲንቃ ሲቃረብ ዱላውን ከኋላው ደበቀ፣ ገለል አለ፣ ታቦት እንደሚያልፍበት ሰው አንገቱን ደፋ። ሌሎቹንም አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው፤ ሮጠው ይመጣሉ፣ ሊደርሱበት ሲሉ ጎንበስ ይላሉ። አንድ እንኳ ዱላውን የነካበት ሰው አልነበረም።

ዲንቃም ገባው። ሜዳው መካከል ቆመ። ሩሯን ወደ ነመራ እግር ገፋ አደረገና ውሰዳት አለው። ነመራ ጎንበስ ብሎ አነሣት፤ በሁለት እጁ ይዞ አምጥቶ ዲንቃ ፊት አስቀመጣት።

“ጎታ ኬኛ” አለው፤ ጀግናችን ማለቱ ነው። “ኦቦ ዲንቃ፣ በእርስዎ ላይ እንጨት አላነሣም።”

ያን ጊዜ የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ሊያደርግ ያሰበውን አወቅሁ። አንገቴን ነቀነቅኩለት፤ እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ዘመን ባንዳ አሰኝቶ ቤት ያስፈርሳል። እሱ ግን ወደ እኔም አላየም። የቀኝ እጁን ከፍ አደረገና ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ።

“ስሙኝ። እኔ አርበኛ አይደለሁም። ይህን እጅ የቆረጠው ጥይት አይደለም፣ የራሴ መጋዝ ነው። ለጣልያን ካፒቴን አልጋ ስሠራ ነው የተቆረጠው። አሁን ምቱኝ።”

እኔ ወደ ቤት ሮጬ ምን ምን ልሸከም እያልኩ ነበር። ባላምባራስ ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሕዝቡን ዞር ብለው አዩና፣ ሰማችሁ ወይ አሉ፤ ለጠላት አልጋ ከምሠራ ብሎ በገዛ መጋዙ ጣቶቹን የቆረጠ ሰው። ጥይትማ ማንንም ያገኛል አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ደብቆ መኖሩ ደግሞ ትሕትናው ነው አሉ።

እልልታው ቀለጠ። ዲንቃ እንደዚያ አይደለም፣ እንደዚያ አይደለም እያለ ይጮኻል፤ እሱ በጮኸ ቁጥር ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ነመራ በትከሻው ተሸከመው። ባላምባራስ እዚያው ላይ ሁለት ነገር ቆረጡ። አንደኛ፣ ዲንቃ ከዛሬ ጀምሮ የሜዳው ዳኛ ነው፣ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው አቧራ ውስጥ መሮጡ ለአገር ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ዱላው ለመታሰቢያ በአዳራሻቸው ይሰቀል። ዳኝነቱን ማን ጠይቆት፣ ተሾመ። ዱላውን ግን አለቅም አለ። ሁለት ጎረምሶች ይዘው ጎተቱት፣ ከሁለቱ ጣቶቹ ሊያላቅቁት አልቻሉም። ያ የቆዳ መያዣ መልካም መሥራቱን ያየነው ያኔ ብቻ ነው።

ቤት ገብቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ምግብ አቀረብኩ፣ አልነካም። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይዳብሰዋል።

“ይሥራ አይሥራ እንኳ አላወቅሁም” አለኝ። “ማንም አልሞከረኝም። ነገ አነደዋለሁ።”

አበስኩ ገበርኩ አልኩ በሆዴ። ዞር ስል ያ የመጀመሪያው፣ እንደ ማጭድ የጎበጠው ዱላ፣ ጥግ ላይ ተደግፎ አየሁት። አነሣሁት። ቀሚሴን ሰብስቤ በመቀነቴ አጠበቅኩና ሩሯን ከፊቱ ጣልኩለት።

ምን ልትሆኚ ነው አለኝ፤ ሴት ልጅ ደግሞ ገና ልትጫወት ነው ወይ ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

“ተነሥ፣ የጣልያን አልጋ ሠሪ” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ተነሣ። ሩሯን ያዛት፣ እኔም ያለ ርኅራኄ ገባሁበት። ስመታ ሳትኩ፣ ደግሜ ስመታ ቅልጥሙን አገኘሁት፤ አጥንቱ ሲጮህ ለእኔም ተሰማኝ። ጮኸና በአንድ እግሩ ዘለለ፣ ሩሯ ግን ከዱላው ሆድ አልወጣችም። ወደ ጎደሬው ዞረብኝ፣ ተከተልኩት። መውጫውን ዘግቼበት አጥር ላይ አስጠጋሁት፣ እሱ ግን በጠፍጣፋው ሳብ አድርጎ በእግሮቼ መካከል አሳለፋት። የውሃ፣ የእንጨት፣ የዶሮ ቤቱ፣ የዚያ ሁሉ ወር ንዴቴ እጄ ላይ መጣ። እታፈራሁ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ኧረ ሰው ድረሱ፣ አርበኛውን ሚስቱ ገደለችው እያለች ሰፈሩን ጠራችብኝ። ሩሯን ግን አንዴም አልቀማሁትም።

ሲደክመን ቆምን። ከቅልጥሙ ደም ይወርዳል፣ ከዓይኑም እንባ ይወርዳል፣ አፉ ግን እስከ ጆሮው ድረስ ተከፍቷል። ሩሯ እዚያው ዱላው ሥር ናት።

“ወርቄ” አለኝ እያለከለከ፣ “እስቲ ድገሚኝ።”

ደገምኩት። በዚያ ዓመት ከጎደሬዬ አንድም እንኳ አልተረፈም።