ስልኩ ይደውላል፣ ኢንተርኔቱ የለም

ከባለቤቴ ከተክሌ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የተወሳሰበ የስልክ ሽቦ መጠቅለል ነበር። በስደት በምንኖርበት ባሕሪ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እሱ በክርኑና በመዳፉ መካከል ይጠቀልላል።

«ወጠር አድርጊው እንጂ!»

«አንተው ነህ ያወሳሰብከው።»

«እሺ እመቤት፣ ብቻ ያዢው።»

ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልቡ ቆመ።

ወደ ስልክ መስመር ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቴስተር የሚሉትን መለኪያና ደብተር ሰጠኝና «እኔ እረሳለሁ፣ አንቺ ጻፊ» አለኝ። መሰላል እይዛለሁ፤ የመለኪያውን ንባብ እመዘግባለሁ፤ መስመሩ ከሴንትራል፣ ከስልክ ማዞሪያው፣ ተነሥቶ ደንበኛው ቤት እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ በወረቀት ላይ እስላለሁ። ከአለቃችን ጀምሮ ሁሉም በእኔ ሥዕል ነበር የሚሠራው።

በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ርቀት ያደክመዋል። ስለዚህ መሐል መንገድ ላይ፣ በስልክ እንጨት ላይ፣ ማራዘሚያ የምንለው ሳጥን ይሰቀላል። ሳጥኑ አፍና ጭራ አለው። አፉ ከሴንትራል የሚመጣውን ሽቦ ይቀበላል፣ ጭራው ወደ ደንበኛው ይልካል። ድምፅና የመስመሩ ኃይል ግን ሳጥኑ ቢሠራም ባይሠራም ያልፋሉ። መከራችን ይኸው ነው። ስንት ደንበኛ «ስልኩ ይሠራልኮ!» እያለ አድርቆናል።

ከሁሉም የባሰው ከባሕሪ ወጣ ብሎ ዶሮ የሚያረባው ሐጅ ኢድሪስ ነበር። ሳጥኑን የሰቀለለት ባልደረባችን ዑስማን ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን አንድ ቀንም አልመጣም።

«ያ ባሽመሐንዲስ»፣ ጌታው ኢንጂነር፣ ይለዋል ተክሌን፣ «ስልኩ ይደውላል። ታዲያ ኢንተርኔቱን ዶሮዎቼ በሉት?»

አምስት ጊዜ ሄድን። አለቃችን ቢሮው ተቀምጦ «ሞደም ቀይሩ» አለ፤ ቀየርን። «ሌላ ቀይሩ» አለ፤ ደግመን ቀየርን። ተክሌ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ከፍቶ አቧራ ጠረገ፣ እንደገና አሠረ። ሳጥኑ ላይ ኃይል ለካ፤ አለ። ናስትሮውን፣ ሽቦው ላይ የሚጠቀለለውን ባለቀለም ፕላስተር፣ አየ። በእኛ ልማድ ቀይ ናስትሮ የሴንትራል ወገን፣ ጥቁር የደንበኛ ነው። ቀዩ አፉ ላይ፣ ጥቁሩ ጭራው ላይ። ሁሉም ትክክል፣ የሞደሙ መብራት ግን ብልጭ ድርግም።

በአምስተኛው ቀን አለቃው ሰው ፊት «ሐበሻው ሥራውን አያውቀውም» አለ። ተክሌ መሣሪያውን ሰበሰበ።

ቤት ስንገባ ጮህኩበት። «መልስለት እንጂ!»

«ሳጥኑ ሲሠራ ይመልስለታል» አለኝ። በማግሥቱ ነው ያን ሽቦ የጠቀለልነው።

ከአርባው በኋላ የተክሌን መሣሪያ ላስረክብ ቢሮ ሄድኩ። አለቃው «አላህ ይርሐመው» አለኝ፤ አስከትሎም «የሐጁን መስመር ግን አበላሽቶት ነው የሄደው።» በዚህ ቃል ልቅሶ ላይ እንኳ ያልመጣብኝ ንዴት መጣብኝ። አንድ ቀን ስጠኝ አልኩት። ዑስማን መሰላል ይዞ አብሮኝ መጣ።

ሳጥኑ የተሰቀለበት እንጨት ሥር ቆመን ደብተሬን ገለጥኩ። ከመሬት ሁለት የሚመሳሰሉ ሽቦዎች ይወጣሉ፤ አንዱ በመንገዱ በኩል፣ አንዱ በቦዩ በኩል። ዑስማን ጣቱን ወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ላይ አሳረፈ።

«ይኸው ሴንትራሉ።»

«እሱ የሐጁ ቤት ነው» አልኩት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እንዴት? ሥዕሉ የሚጀምረው ከዚህ አይደለም?»

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። እኔ እንደ ጽሕፈቴ ከግራ ወደ ቀኝ ስያለሁ፤ እሱ እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ አንብቧል። እኔ ደግሞ፣ ማን ያጣዋል ብዬ፣ ጫፎቹ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ስለዚህ ዑስማን ቀዩን ናስትሮ በሐጁ ሽቦ ላይ ጠቀለለው። ተክሌ ሽቦዎቹን ከሳጥኑ ፈትቶ ለየብቻ ቢለካቸው አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ናስትሮውን አመነ፤ ናስትሮው የእኔን ሥዕል።

እኔው ወጣሁ። ፈትቼ ለካሁ። ኃይሉ የሚመጣው ጥቁር ናስትሮ ባለው ሽቦ ነው። አቀያየርኩት። ሐጁ ቤት ስንገባ የሞደሙ መብራት ረግቶ ነበር።

ሐጁ መብራቱን አየ፣ እኔን አየ። «ስልኩስ? አሁንም ይሠራል?»

ከዚያው ለአለቃው ደወልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ሥዕል ነው። የተክሌ አይደለም» አልኩት።

«ማዓሌሽ» አለና ዘጋው። ምንም አይደል ማለቱ ነው። መልሼ ደወልኩና ያንኑ ደገምኩለት። በሦስተኛው «ሰማሁ፣ የተክሌ አይደለም» አለ።

አሁን የመስመር ሥዕል እስላለሁ፣ እንጨትም እወጣለሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት በአንዱ ጫፍ ሴንትራል፣ በሌላው ደንበኛ ብዬ በሁለቱም ፊደል እጽፋለሁ። ናስትሮ አይቼ አልወርድም፤ ሽቦውን ፈትቼ እለካለሁ።